ጎመን በጤና፤ ግን ከየትኛው መሬት?

አንድ ወጣት የመንግሥት ሠራተኛ ወደ አምደወርቅ ተዛውሮ ሄደ እንበል። ዳገቱንና ቁልቁለቱን ሲወጣ ሲወርድ ውሎ ደክሞት ገብቷል። በማግሥቱ ረቡዕ ነው። በምሳ ሰዓት ከቢሮው ወጥቶ ወደ አንድ ምግብ ቤት ጎራ ይልና በየዐይነቱ ያዛል። ሽሮው ከመካከል፣ ክኩ ከጎን፣ ጎመኑ ከዳር ሆኖ ይቀርብለታል። ወጣታችን ሽሮውን አሟጦ፣ ክኩን ጠራርጎ እጁን ይታጠባል። ጎመኑ ግን እዚያው ዳር ላይ እንደ ተከመረ ይቀራል።

ይህ ነገር በአምደወርቅ ብቻ የሚደረግ አይደለም። በየከተማው፣ በየተማሪ ቤቱ ምግብ ቤት፣ በየሠርጉም ቢሆን ከትሪው ላይ መጨረሻ የሚቀረው ጎመን ነው። ገበሬው በክረምቱ ወራት ጎተራው ሲጎድል በጎመን ስለሚሰነብት፣ መስከረም ሲጠባ የጎመን ምንቸት ወጥቶ የገንፎ ምንቸት እንዲገባ መመኘት የቆየ ልማዳችን ነው። ጎመንን ከችግር ጋር አዛምደን ስለምናየው እኅል ሲገኝ ፊታችንን እናዞርበታለን። ቢሆንም አባቶቻችን «ጎመን በጤና» ብለው የተናገሩት በከንቱ አልነበረም። የዛሬ ዘመን ሐኪሞችና የአፈር ሊቃውንት ያንኑ አባባል በሚዛንና በመሣሪያ መርምረው አንድ ጥያቄ ብቻ ጨምረውበታል። ጥያቄውም፦ «መልካም፣ ጎመን በጤና፤ ግን ከየትኛው መሬት የበቀለ ጎመን?» የሚል ነው።

ጥያቄው የቀልድ አይደለም። ሁለት እስር ጎመን በገበያ ጎን ለጎን ተቀምጠው ቢታዩ ሁለቱም አረንጓዴ፣ ሁለቱም ለምለም ናቸው። ነገር ግን አንዱ ለሕፃን ዕድገት የሚያስፈልገውን ማዕድን በሚገባ ይዞ፣ ሌላው ከውሃና ከጭረት በቀር እምብዛም ያልያዘ ሊሆን ይችላል። ልዩነቱን ዓይን አያየውም፤ ምላስም አይለየውም። የሚለየው በእርሱ ያደገው ሕፃን አካል ነው።

ከአንድ ምስማር የማይበልጥ ሀብት

በአንድ ሙሉ ሰው አካል ውስጥ ያለው ብረት በሙሉ ተሰብስቦ ቢመዘን ከሦስት እስከ አራት ግራም ብቻ ነው፤ አንድ ምስማር እንኳ በቅጡ አያሠራም። ዚንክ የሚባለው ማዕድን ከዚህም ያንሳል፤ ወደ ሁለት ግራም ይሆናል። አዮዲንና ሴሌኒየም ደግሞ በግራም ሳይሆን በሚሊግራም የሚቆጠሩ ናቸው። መጠናቸው ይህን ያህል ትንሽ ይሁን እንጂ፣ አንዳቸው ሲጎድሉ የሚደርሰው ጉዳት ትንሽ አይደለም። ብረት ሲጎድል ደም ያንሳል፤ ተማሪው ይፈዝዛል፣ እናት በወሊድ ጊዜ ትደክማለች። አዮዲን ሲጎድል እንቅርት ይወጣል፤ የሕፃኑም አእምሮ ይጎዳል። ሴሌኒየም በጣም ሲጎድል ልብን ያደክማል። በሰሜን ምሥራቅ ቻይና ኬሻን በሚባል አውራጃ እ.ኤ.አ. በ1935 የታወቀው የልብ በሽታ ከዚህ ማዕድን ማነስ ጋር የተያያዘ መሆኑ ኋላ ተረጋግጧል።

የዚንክ ታሪክ ከሁሉ ይልቅ ለኛ ይቀርባል። አናንዳ ፕራሳድ የሚባል ትውልዱ ሕንዳዊ የሆነ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1958 ወደ ኢራን ሄዶ በሺራዝ ከተማ ሲሠራ፣ ዕድሜው 21 ዓመት የሆነ መልኩና ቁመቱ ግን የ10 ዓመት ልጅ የሚመስል ሕመምተኛ ቀረበለት። ይህን የመሰሉ ሌሎችም ነበሩ። አብዛኛው ምግባቸው ቂጣ ነበር፤ ሥጋ እምብዛም አያገኙም። ፕራሳድ ነገሩን ተከታትሎ ወደ ግብፅም ተሻግሮ ከመረመረ በኋላ፣ ለዕድገታቸው መቆም ዋናው ምክንያት የዚንክ ማነስ መሆኑን እ.ኤ.አ. በ1963 አስታወቀ። ከዚያ በፊት ሰው ዚንክ ሊያጥረው ይችላል ብሎ የሚያስብ ሐኪም አልነበረም ማለት ይቻላል።

አንባቢ ሆይ! «ዕድሜው ሄዶ ቁመቱ የቀረ ልጅ» ሲባል ወዲያው ወደ አገራችን ማሰብ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2016 በመላው ኢትዮጵያ በተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑት ሕፃናት ውስጥ ከመቶው 38 የሚሆኑት የቀነጨሩ ሆነው ተገኝተዋል። በአማራ ክልል ደግሞ ቁጥሩ ከመቶ 46 ነበር፤ ከክልሎች ሁሉ የከፋው ይህ ነው። መቀንጨር የቁመት ማጠር ብቻ እንዳይመስለን። የቀነጨረ ሕፃን ትምህርት ይከብደዋል፣ በበሽታ ይጠቃል፣ ሲያድግም የሥራ ጉልበቱ ይቀንሳል።

መንግሥት ይህን ለመዋጋት በ2007 ዓ.ም. ሐምሌ ወር ቃል ሲገባ፣ ለቃሉ የሰጠው ስም የሰቆጣን ነው። «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ዓላማው ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚደርሰውን መቀንጨር እስከ እ.ኤ.አ. 2030 ድረስ ማጥፋት ሲሆን፣ ሥራውም የተጀመረው በተከዜ ተፋሰስ በሚገኙ የአማራና የትግራይ ወረዳዎች ነው። በ1977ቱ ረኃብ ክፉኛ ለተጎዳው ለዋግ ሕዝብ ይህ ስያሜ የክብርም የአደራም ስም ነው። አምደወርቅ የደሐና ወረዳ ዋና ከተማ እንደ መሆኗ፣ ይህ አደራ ከደጃፏ የቆመ ነው።

ለመቀንጨር ምክንያቱ ብዙ ነው። የምግብ ማነስ፣ የውሃ ንጽሕና መጉደል፣ ተቅማጥ፣ የእናት ጉስቁልና ሁሉ አለበት። ጎመን ብቻውን ይህን ሁሉ ይፈውሳል ብለን አንዋሽም። ነገር ግን ከምክንያቶቹ አንዱ የማዕድን እጦት ስለ ሆነ፣ ማዕድኑ ወደ ሕፃኑ አፍ የሚደርስበትን መንገድ መመርመር ይገባናል። መንገዱም ከአፈር ይጀምራል።

የጨው ቅፍለት

በቀድሞ ዘመን የአሞሌ ጨው ከአፋር ዝቅታ ተቆርጦ፣ በግመልና በበቅሎ ተጭኖ፣ ወደ ሰቆጣ ገበያ ይወጣ እንደ ነበር የዋግ ሽማግሌዎች ሲያወሩ እንሰማለን። ማዕድን ከአፈር ወደ ተክል የሚወጣበትም ሁኔታ ይህንኑ ይመስላል። በቅሎው ውሃ ነው፤ ጭነቱ ማዕድኑ ነው። ሥር ውሃን ከአፈር ሲስብ በውሃው ውስጥ የሟሟው ማዕድን አብሮ ይጫናል። ውሃው በግንዱ ሽቅብ ወጥቶ ቅጠል ላይ ይደርሳል። እዚያም በፀሐይና በነፋስ ምክንያት ተንኖ ይሄዳል። ጭነቱ ግን ከቅጠሉ ላይ ይራገፋል። ጨው ያለበት ውሃ ተፍልቶ ሲያልቅ ጨው ከምጣዱ ላይ እንደሚቀር ማለት ነው።

እንግዲህ ቅጠል የቅፍለቱ የመጀመሪያ ገበያ ነው። የስንዴና የጤፍ ፍሬ ግን ሩቅ አገር ያለ ገበያ ነው። ወደ ፍሬው ለመድረስ ማዕድኑ ከቅጠል እንደገና ተጭኖ፣ በሌላ መንገድ ተጉዞ፣ ብዙ ኬላ ማለፍ አለበት። በየኬላውም እየተቀነሰ ይሄዳል። ስለዚህ ለመሬቱ የተጨመረ ዚንክ ወይም አዮዲን ከእኅል ፍሬ ይልቅ በጎመንና በቆስጣ ቅጠል ላይ ቶሎና በብዛት ይገኛል። ከዚህም ሌላ በእኅልና በጥራጥሬ ፍሬ ውስጥ ብረትንና ዚንክን ጠፍሮ አንጀታችን እንዳይወስዳቸው የሚያደርግ ፋይቴት የሚባል ነገር አለ። በቅጠላ ቅጠል ግን ይህ ነገር አነስተኛ ነው። ጎመን ከዘራነው በሳምንታት ውስጥ የሚቀነጠስ መሆኑንም ስናስብ፣ ከአፈር ወደ ሕፃን አፍ ከሚያደርሱት መንገዶች አጭሩ በጎመን በኩል ያለው መሆኑን እንረዳለን።

ነገር ግን ገበያው የሚሞላው ጨው ከተቆረጠበት ቦታ ጨው ካለ ብቻ ነው። አፈሩ ከሌለው ቅጠሉ ከየት ያመጣል?

መሬታችን ምን ይዟል?

የኢትዮጵያን ቀይ አፈር ያየ ሰው ብረት ይጎድለናል ቢባል ይገርመዋል። በእርግጥም ቀይ ያደረገው ብረት ነው። ግን ያ ብረት እንደ ተቆለፈ ሣጥን ነው፤ አብዛኛው በውሃ ስለማይሟሟ ሥር ሊጭነው አይችልም። የጤፍንም ነገር ብናነሣ፣ ጤፍ በብረት እጅግ የበለጸገ ነው እየተባለ ለብዙ ጊዜ ይነገር ነበር። ሊቃውንት ጠለቅ ብለው ሲመረምሩት ግን፣ ከዚያ ብረት ብዙው ጤፉ በአውድማ ላይ በከብት ሲበራይ ከአፈር የተቀላቀለ ሆኖ አገኙት። የአፈር ብረት ደግሞ አንጀታችን ደኅና አድርጎ አይወስደውም። በምርመራ ወረቀት ላይ ቁጥሩ አለ፤ ከደማችን ግን የለም።

ዚንክን በሚመለከት ችግሩ ሌላ ነው። ለብዙ መቶ ዓመታት ታርሶ፣ ጎርፍ ላዩን ያጠበው መሬት ዚንኩም አብሮ ታጥቦ ይሄዳል። እበቱ ወደ እርሻ ተመልሶ ቢሆን ኖሮ የተወሰደውን ይተካ ነበር። ነገር ግን እንጨት በጠፋበት ደጋ እበቱ ኩበት ሆኖ ከምድጃ ይገባል። ባለቤቲቱን ልንወቅስ አንችልም፤ ልጆቿ ጥሬ አይበሉም። አመዱም ቢሆን ከጓሮ ሲበተን አንዳንድ ማዕድን ይመልሳል፤ ግን ሲበዛ አፈሩን ስለሚያኮመጥጠው ሳይሆን በተቃራኒው የኮምጣጣነት ጠባዩን ስለሚያጠፋው፣ ዚንክና ብረት ይበልጥ እንዲቆለፉ ያደርጋል።

ማዳበሪያስ? በኢትዮጵያ የፋብሪካ ማዳበሪያ ለገበሬው መዳረስ የጀመረው ከ1959 ዓ.ም. ገደማ ወዲህ ነው። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዘመን ገበሬው የሚያውቀው ሁለት ዓይነት ብቻ ነበር፤ ዳፕና ዩሪያ። እነዚህ ናይትሮጅንና ፎስፎረስ ይሰጣሉ። ሰብሉ ያምራል፣ ኩንታሉም ይጨምራል። ነገር ግን ቅጠሉ በናይትሮጅን ኃይል ሲሰፋና ሲወፍር፣ አፈሩ የሰጠው ጥቂት ዚንክ ለብዙ ቅጠል ይከፋፈላል። ድንገት እንግዳ ሲበዛ ውሃ እንደ ተጨመረበት ወጥ ይቀጥናል። ፎስፎረስም ከልክ ሲያልፍ ዚንክን ሥር እንዳይወስደው ያግደዋል።

ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ ይባል የነበረው መሥሪያ ቤት የአገሪቱን አፈር በየወረዳው እያስቆፈረ ናሙና ማስመርመር ጀመረ። በምርመራውም ከናይትሮጅንና ከፎስፎረስ በቀር ድኝ፣ ቦሮንና ዚንክም በብዙ ቦታ የጎደሉ መሆናቸው ታወቀ። በዚህ ምክንያት ዳፕ ድኝ ባለበት ኤንፒኤስ በሚባለው ተተካ፤ ዚንክና ቦሮን የተቀላቀለባቸው ማዳበሪያዎችም ተዘጋጁ። ይህ ትልቅ እርምጃ ነበር። ሆኖም ዓላማው ምርት ማብዛት ስለ ነበረ፣ ማዳበሪያው የተለካው በኩንታል ነው። በሕፃኑ ደም ውስጥ ምን ጨመረ ተብሎ አልተለካም።

ይህን ሌላውን ጥያቄ ያነሡ ደግሞ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ ከእንግሊዝ አገርና ከማላዊ የተውጣጡ ተመራማሪዎች ናቸው። በአማራ፣ በኦሮሚያና በትግራይ ከገበሬው ማሳ እኅልና አፈር እየሰበሰቡ፣ በማዕድን ይዘቱ ካርታ ሠርተው እ.ኤ.አ. በ2021 አሳተሙ። የደረሱበት ነገር ሊታሰብበት የሚገባ ነው። ከገዛ ማሳው የሚበላ ቤተሰብ ከእኅል የሚያገኘውን ማዕድን ከምንም ይልቅ የሚወስነው የሚኖርበት ቦታ ሊሆን ይችላል አሉ። ትጋቱ ወይም ዕውቀቱ አይደለም፤ የተወለደበት አፈር ነው። በአማራ ክልልም ሴሌኒየምን ብንወስድ፣ በምዕራቡ በኩል የበቀለው እኅል ያነሰ፣ በሰሜን ምሥራቁ በኩል የበቀለው ከፍ ያለ ሆኖ ተገኝቷል። እንግዲህ ለጎጃም የሚታዘዘው መድኃኒት ለዋግ ላያስፈልግ ይችላል ማለት ነው። «ሳይመረምሩ ማከም» ለሰው እንደማይበጅ ሁሉ ለመሬትም አይበጅም።

ሌሎች ምን አደረጉ?

የፊንላንድ አፈር በሴሌኒየም ድኻ ነው። መንግሥቷ እ.ኤ.አ. በ1984 ወስኖ ከ1985 ጀምሮ በአገሪቱ በሚሸጥ የእርሻ ማዳበሪያ ሁሉ ጥቂት ሴሌኒየም እንዲጨመር አደረገ። ገበሬው የለመደውን ማዳበሪያ ነው የገዛው፤ በዓመታት ውስጥ ግን እኅሉም፣ ወተቱም፣ ሥጋውም፣ በመጨረሻም የሕዝቡ ደም በሴሌኒየም ከፍ አለ። መጠኑንም በየጊዜው እየለኩ አንዴ ቀንሰው፣ አንዴ ጨምረው እስካሁን ይሠሩበታል።

ቱርክ በመካከለኛው አናቶሊያ ያለው የስንዴ አገሯ ዚንክ የራቀው ነበር። ከእ.ኤ.አ. 1990ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ ኢስማኢል ቻክማክ የተባለው ሊቅና ባልደረቦቹ ዚንክ ቢጨምሩበት ምርቱ ራሱ አደገ፤ ፍሬውም በዚንክ በለጸገ። ገበሬው በዓይኑ ስላየ ማንም ሳያስገድደው ገዛ።

በምዕራብ ቻይና በሆታን አውራጃ ደግሞ እንቅርትና የአእምሮ ድካም እጅግ በዝቶ ነበር። ጨው ለማዳረስ ስላስቸገረ ሐኪሞች ሌላ ዘዴ ፈለጉ። እ.ኤ.አ. በ1992 የአዮዲን ጨው በበርሜል ውሃ በጥብጠው ወደ መስኖው ቦይ ጠብ ጠብ እንዲል አደረጉ። ውሃው አፈሩን፣ አፈሩ አታክልቱንና ሣሩን፣ እነዚያም ሰውንና ከብትን መገቡ። የሚሞቱ ሕፃናትም ቁጥር ወደ ግማሽ ወረደ።

ወደ አፍሪካችን ስንመለስ፣ በማላዊ በካሱንጉ ወረዳ እ.ኤ.አ. በ2019 በተደረገ ሙከራ፣ በሴሌኒየም ማዳበሪያ የበቀለ በቆሎ የተመገቡ ሴቶችና ልጆች በደማቸው ያለው ሴሌኒየም ጨምሯል። ከማዳበሪያ ከረጢት እስከ ሰው ደም ያለው መንገድ ክፍት መሆኑ በዚህ ታወቀ።

ለአራት ማዕድን አራት መንገድ

ከዚህ ሁሉ የምንማረው አራቱን ማዕድን በአንድ መንገድ መንዳት እንደማይቻል ነው።

አዮዲንን በአገራችን ጨው ይወስድልናል። በ2003 ዓ.ም. በወጣው ደንብ መሠረት ለምግብ የሚውል ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲኖርበት ታዟል። ስለዚህ ለጓሮ አዮዲን መፈለግ አያሻም። የሚያሻው የታሸገ አዮዲን ያለበትን ጨው መግዛት፣ ክዳን ባለው ዕቃ ማስቀመጥና ወጡ ሊወጣ ሲል መጨመር ነው።

ሴሌኒየም የመንግሥትና የፋብሪካ ሥራ ነው። ሙከራዎቹ የተሠሩት ለአንድ ሄክታር 10 ግራም ያህል ብቻ እየተሰጠ ነው። ዐሥር ሜትር በዐሥር ሜትር የሆነ ጓሮ ከሄክታር መቶኛው እጅ ስለ ሆነ፣ የሚደርሰው ከግራም አንድ ዐሥረኛ ነው። ይህን በየትኛው የቤት ሚዛን እንለካለን? ከልክ ካለፈ ደግሞ ሴሌኒየም መርዝ ነው። አንድ ሰው በቀን የሚያስፈልገው 55 ማይክሮግራም ሲሆን፣ ከ400 ማይክሮግራም በላይ እንዲወስድ አይመከርም። ስለዚህ ማንም ሰው በገዛ እጁ አይሞክረው።

ብረት በማዳበሪያ ለመጨመር ያስቸግራል። ከአፈር ቢጨመር ወዲያው እንደ ነባሩ ይቆለፋል። ለብረት የሚበጀው ብስባሽ ማብዛትና ከሁሉ በላይ የወጥ ቤቱ ጥበብ ነው፤ ወደዚያ እንመለሳለን።

ዚንክ ግን የጓሮ ባለቤት ሊያደርገው የሚችል ነው። ዚንክ ሰልፌት የሚባል በውሃ የሚሟሟ ጨው አለ። የአፈር ምርመራ ዚንክ መጉደሉን ካሳየ፣ ለአንድ ሄክታር 25 ኪሎ ግራም ያህል ይሰጣል፤ ለዐሥር በዐሥር ሜትር ጓሮ 250 ግራም መሆኑ ነው። ከብስባሽ ጋር ቀላቅሎ ከመዝራት በፊት አፈሩ ውስጥ ማግባት ነው። በየዓመቱ መደጋገም አያስፈልግም፤ ከአፈር የገባው ለተከታዩም ዓመት ይተርፋል። ሌላው መንገድ 5 ግራም በአንድ ሊትር ውሃ በጥብጦ ቅጠሉ ላይ መርጨት ነው። ይህም ፀሐይ ከበረደ በኋላ ወደ ማታ መሆን አለበት፤ አለዚያ ቅጠሉን ያቃጥለዋል። የተረጨው ጎመን ጥቂት ቀናት ቆይቶ ከተቀነጠሰ በኋላ በሚገባ መታጠብ አለበት። ሥራው ሁሉ ከወረዳው የግብርና ባለሙያ ጋር ተመክሮ ይደረግ። ዚንክ ሲበዛ ተክሉን ይጎዳል፤ ከአፈርም መልሶ ማውጣት አይቻልም።

ዚንክ ሰልፌት ባይገኝስ? የጓሮ አፈር ከሩቁ ማሳ ይልቅ የሚወፍረው የከብቱ አዛባ፣ የቤቱ ጥራጊና ዕጣቢ ስለሚደርሰው ነው። ብስባሽ ዚንክ ከመስጠቱም በላይ የተቆለፈውን እየፈታ ለሥር ያቀርባል። ውሃንም ይይዛል። ይህ ለዋግ ከሁሉ የሚበልጥ ቁም ነገር ነው፤ ውሃ ከሌለ በቅሎው የለም፤ በቅሎ ከሌለ ጭነቱ ከአፈር አይነሣም። ስለዚህ እጅ የታጠብንበትን፣ እኅል ያጠብንበትን ውሃ ከደጅ ከመድፋት ወደ ጎመን ሥር መምራት ማዳበሪያ ከመጨመር አያንስም። በደረቁ አገር ማዳበሪያ ያለ ውሃ ገንዘብ ማባከን ነው።

ከጓሮ እስከ ድስት

አሁን ደግሞ ወደ ወጥ ቤት እንግባ። ብዙ ቤት ጎመን የሚሠራው በብዙ ውሃ ተቀቅሎ፣ ተጨምቆ፣ ውሃው ተደፍቶ ነው። መሬቱ ለወራት የለፋበት፣ ባለቤቱ የደከመበት ማዕድን፣ በተለይም በቀላሉ የሚሟሟው፣ ከቫይታሚን ጋር ሆኖ ከዚያ ውሃ ጋር ይደፋል። ቅፍለቱ አገር አቋርጦ ከገበያው በር ሲደርስ ጭነቱን ከወንዝ እንደ መጣል ነው። ጎመኑ አስቀድሞ ታጥቦ፣ ኋላ ተከትፎ፣ በጥቂት ውሃ ድስቱ ተከድኖ ቢበስል ውሃው እዚያው ይመጠጣል። የተረፈም ውሃ ካለ ለሽሮ መበጥበጫ ይሆናል።

የጎመን ብረት ከሥጋ ብረት ይልቅ ለአንጀት ከባድ ነው። ግን ሎሚ ጠብ ሲደረግበት ወይም ጥሬ ቃሪያ ሲበላበት፣ በውስጣቸው ያለው ቫይታሚን ሲ ብረቱን ፈትቶ ለአንጀት ያቀርበዋል። ጎመንን በቃሪያ መብላት የጣዕም ልማድ ብቻ ይመስለን ነበር፤ ለካስ የጤናም ጥበብ ኖሯል! በአንጻሩ ከምሳ በኋላ ወዲያው የምንጠጣው ቡናና ሻይ ብረቱን ይይዙታል። ይህን ስንጽፍ ቡናን ጠልተን አይደለም። ቡናው አንድ ሰዓት ያህል ቢቆይ ወሬውም ቡናውም አያመልጠንም።

ለሕፃንም ቢሆን ከስድስት ወር በኋላ በሚገባ የበሰለና የላመ ጎመን ጥቂት ዘይት ታክሎበት ከገንፎው ጋር ቢሰጥ መልካም ነው። ብዙ እናቶች ጎመን ሆዱን ያመዋል ብለው ይፈራሉ። ፍርሃቱ እንዲወጣ ምክር ያስፈልጋል፤ ቁጣ ግን አያስፈልግም።

ያ ዳር የተተወው ጎመን

ይህን ጽሑፍ የሚያነቡ ተማሪዎችና ወጣት ሠራተኞች «እኛ ምን እናድርግ? ገበሬዎች አይደለን» ይሉ ይሆናል። እኛ ግን ጉዳዩ በእነርሱ እጅ ነው እንላለን። ለክረምት ዕረፍት ወደ አገሩ የሚገባ ተማሪ፣ ከእናቱ ጓሮ የብስባሽ ጉድጓድ ቢቆፍር የግማሽ ቀን ሥራ ነው። በወረዳ ጽሕፈት ቤት የሚሠራ ጸሐፊ የአፈር ምርመራ ውጤት በፋይል ተዘግቶ እንዳይቀር፣ ከግብርናው ክፍል ወደ ጤናው ክፍል እንዲተላለፍ ሊያደርግ ይችላል። አፈሩን የሚያውቀው ባለሙያ አንድ ቢሮ ተቀምጦ፣ የሕፃናቱን ቁመት የሚለካው ሌላ ቢሮ ተቀምጦ፣ ሁለቱ ሳይገናኙ የሚውሉ ከሆነ ቃል ኪዳኑ በወረቀት ላይ ይቀራል። እስከዛሬ ማዳበሪያን ስንጠይቀው የኖርነው «ስንት ኩንታል?» እያልን ነው። ከእንግዲህ «ለልጆቻችን ምን ይዞልን መጣ?» ብለን መጨመር አለብን። የአንድ ሕፃን ዕድገት በተወለደበት አፈር ዕጣ ብቻ እንዲወሰን መተው የለበትም፤ አፈር ይታከማልና።

ወጣቱ የአምደወርቅ ሠራተኛም በሚቀጥለው ረቡዕ ወደዚያው ምግብ ቤት ይሄዳል። በየዐይነቱ ያዛል። ጎመኑ እንደ ልማዱ ከዳር ይቀመጣል። እንግዲህ ከየት ጓሮ እንደ መጣ ባለቤቲቱን ይጠይቅ፤ ቃሪያም ያስጨምር፤ ቡናውንም ቆይቶ ይዘዝ። ከሁሉ በፊት ግን ጎመኑን ይብላው።